አይን ከታች እናውጣ

የአንባቢያን የሒሳብ ጥያቄና መልስ

የዚህን ወር ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ነው የተሰበሰቡት፣ ክፍልፋይ አለ፣ ታች ኢማጂናሪ ቁጥር ተቀምጧል፣ አስተማሪው "አቅልሉ" ይላል፣ ተማሪው እስክሪብቶውን ያኝካል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ዛሬ በዚሁ ብቻ እንጫወት። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር፣ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ "አይ" ስል እምቢ ማለቴ አይደለም፣ በራሷ ስትባዛ −1 የምትሆነውን ቁጥር ነው፣ አይ² = −1 ማለት ነው። 3አይ ካልኩ 3 ሲባዛ በአይ ነው። "አይን ከታች እናውጣ" ስልም የማንንም ዓይን ልናወጣ አይደለም፣ ስሟ እንዲህ ሆኖባት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ከደብረ ብርሃን። ፈተና ላይ (5 + አይ) / (2 − 3አይ) አቅልሉ የሚል መጣ። እኔ 5ን ለ2 አካፈልኩ፣ አይን ለ −3አይ አካፈልኩ፣ 5/2 − 1/3 ሆነልኝ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ ሲመለስ ዜሮ ነው። ጓደኛዬ "በኮንጁጌት ነው ሚሰራው" አለኝ፣ ለምን ስለው "በቃ ፎርሙላው ነው" ነው ሚለኝ። ላይና ታች በሆነ ነገር ስናባዛ ቁጥሩ አይቀየርም እንዴ?

መልስ፦ ልጄ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄህ ከጓደኛህ ፎርሙላ ትበልጥብኛለች። ቁጥሩ አይቀየርም ወይ ብሎ የሚጠራጠር ልጅ ሒሳብ ይገባዋል፣ ገና ስላልተነገረው ነው እንጂ።

መጀመሪያ ያንተን መልስ እንየው፣ ስህተት ነው ስላሉህ ብቻ እንዳትጥለው፣ ራስህ ፈትነህ ጣለው። መካፈል ምንድነው? 12 ለ3 ሲካፈል 4 ነው የምንለው 4 በ3 ሲባዛ 12 ስለሚመልስልን ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። እንግዲህ ያንተ 5/2 − 1/3 ተደምሮ 13/6 ነው፣ ውስጡ አይ የሚባል ነገር እንኳን የለም። እሱን መልሰህ በ(2 − 3አይ) አባዛው፣ 13/3 − 6.5አይ ይመጣል። እኛ የምንፈልገው 5 + አይ ነበር። በቅርብ እንኳን አይገናኙም፣ ዓይን ያወጣ ስህተት የሚባለው ይሄ ነው። ግን አትፈር፣ ይሄን ስህተት ያልሰራ ተማሪ እኔ አስተምሬ አላውቅም።

ለምን እንደማይሰራ ደሞ አይ የሌለበት ቦታ ላይ ሞክረው። (8 + 6) / (4 + 3) ስንት ነው? 14 ለ7፣ 2 ነው። አንተ ባካፈልክበት መንገድ ከሄድን 8 ለ4 ሁለት፣ 6 ለ3 ሁለት፣ ድምር 4። አየህ፣ ጥፋቱ የአይ አይደለም፣ ታች ያለው ቁጥር አንድ ላይ ነው የሚያካፍለው፣ ተገንጥሎ ግማሹ ለፊተኛው ግማሹ ለኋለኛው አይሰጥም። ላይኛውን መገንጠል ይቻላል፣ ታችኛውን ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው። ዳቦ ለ4 ሰው ቁረስ ብትባል ትቆርሳለህ፣ ለ13 ሰውም ቢሆን ተቸግረህ ትቆርሳለህ። ለ2 − 3አይ ሰው ቁረስ ብትባል ግን ቢላዋውን ከየት ታስገባለህ? ችግራችን ይሄ ብቻ ነው። ላይ አይ ብትኖር ማንንም አታስቸግርም፣ ታች ስትቀመጥ ነው ነገር የምትፈልገው። ስለዚህ የምንፈልገው ታች ተራ ቁጥር እንዲቀመጥ ነው፣ የክፍልፋዩ ዋጋ ሳይነካ። ዋጋ ሳይነካ የሚቀየርበትን መንገድ ከ4ኛ ክፍል ጀምረህ ታውቀዋለህ፣ 2/3 እና 4/6 አንድ ናቸው፣ ላይም ታችም በ2 ስለተባዛ። መቶ ብር ዘርዝረህ ሁለት ሃምሳ ብታደርገው ብር አልጠፋም አልተጨመረም፣ መልኩ ነው የተቀየረው። ላይና ታች በአንድ ነገር ማባዛት በ1 ማባዛት ነው፣ ያ ነገር ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ምንም ይሁን ምን።

ቀጥሎ የቀረው በምን እናባዛ ነው። በራሱ በ(2 − 3አይ) ብታባዛውስ? ሞክረው፣ 4 − 6አይ − 6አይ + 9አይ² ይመጣና 4 − 12አይ − 9፣ ማለትም −5 − 12አይ ይሆናል፣ አይ እዛው ቁጭ ብላለች። የመሀሉ 6አይ ሁለቴ መጥቶ ተደመረ። መሀሉ እንዲጠፋ አንዱ ፕላስ ሌላው ማይነስ መሆን አለበት፣ ለዛ ነው ምልክቷን የምንገለብጣት፣ በ2 + 3አይ የምናባዛው። ኮንጁጌት ማለት ይሄው ነው፣ የአይዋ ምልክት የተገለበጠበት መንትያ። እንስራው፦

ታች፦ (2 − 3አይ)(2 + 3አይ) = 4 + 6አይ − 6አይ − 9አይ²። 6አይ ከ6አይ ጋር ተጣፋ። −9አይ² ላይ በአይ² ቦታ −1 ስናስገባ +9። ታች 13 ሆነ።

ላይ፦ (5 + አይ)(2 + 3አይ) = 10 + 15አይ + 2አይ + 3አይ²። የመጨረሻው −3 ነው። ላይ 7 + 17አይ ሆነ።

መልሱ (7 + 17አይ) / 13፣ በፈተና ወረቀት ላይ ለየት አድርገህ ስትጽፈው 7/13 + (17/13)አይ። ጨረስክ? አልጨረስክም፣ መልሰህ አባዛ። (7 + 17አይ)(2 − 3አይ) = 14 − 21አይ + 34አይ − 51አይ²፣ ያ ማለት 65 + 13አይ፣ ለ13 ሲካፈል 5 + አይ። መጣ። አሁን ጨረስክ። ይቺን አንድ መስመር ወረቀትህ ጥግ ላይ የመስራት ልማድ ካለህ አስተማሪ እስኪያርምልህ መጠበቅ የለብህም።

በነገራችን ላይ ታችኛው ላይ ብዙ ልጅ 4 − 9 ብሎ −5 ይጽፋል፣ ከ"የሁለት ካሬዎች ልዩነት" ጋር ስለሚምታታበት። እዚህ ልዩነት አይደለም፣ ድምር ነው፣ አይ² ማይነሷን ስለምትገለብጠው። 2 ካሬ ሲደመር 3 ካሬ። ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ሞኝ አይደሉም፣ ታቹ −5 የሆነ መልስ ከምርጫዎቹ መሀል ተቀምጦ ቢጠብቅህ አይግረምህ። በኮንጁጌት አባዝተህ ታች ኔጌቲቭ ከመጣብህ እዛው ቁም፣ የሆነ ቦታ ስተሃል፣ የካሬዎች ድምር ኔጌቲቭ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ደሞ ተበድያለሁ። ይሄንኑ ዓይነት ጥያቄ ስሰራ ኮንጁጌቱን ተሳሳትኩና የኋለኛውን ምልክት ሳይሆን የፊተኛውን ቀየርኩ፣ 2 − 3አይ የነበረውን −2 − 3አይ አድርጌ ላይና ታች አባዛሁ። መልሱ ግን ትክክል መጣ! አስተማሪያችን ግን ኮንጁጌት አይደለም ብሎ ግማሽ ማርክ ቀነሰብኝ። መልሴ ትክክል ከሆነ ለምን ይቀነስብኛል? ተማሪ፣ ከሀዋሳ።

መልስ፦ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ሻዬን አስቀምጬ ነው ወረቀት ያወጣሁት። ሰርቼ አየሁት። ከላይ ባለው ቁጥር ልስራው፦ ታች (2 − 3አይ)(−2 − 3አይ) = −4 − 6አይ + 6አይ + 9አይ² = −13። ላይ (5 + አይ)(−2 − 3አይ) = −10 − 15አይ − 2አይ − 3አይ² = −7 − 17አይ። −7 − 17አይ ለ −13 ሲካፈል 7/13 + (17/13)አይ። ያው ራሱ ነው!

ድንገት አይደለም። −2 − 3አይ ማለት እኮ ትክክለኛው ኮንጁጌት 2 + 3አይ በ −1 ተባዝቶ ነው። ላይም ታችም −1 ትርፍ ገባ፣ ሲካፈል ተጣፋ። እንዲህ ከሆነ ደሞ በ4 + 6አይ ብታባዛውም ይሰራል፣ በ200 + 300አይ ብታባዛውም ይሰራል፣ ቁጥሩ ትልቅ እየሆነ እጅህን ያደክምሃል እንጂ። የሚፈለገው የመሀሉ አይ እንዲጣፋ ብቻ ነው፣ ኮንጁጌት ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራ የሚያሳንስልን ስለሆነ ነው የተመረጠው። ከላይ ለደብረ ብርሃኑ ልጅ ታች ኔጌቲቭ አይመጣም ያልኩት በኮንጁጌት ሲባዛ ነው፣ ያንተ −13 እዛ ውስጥ አይገባም።

ማርኩን በተመለከተ፣ ጥያቄው "ኮንጁጌቱን ጻፉ" ብሎ ከሆነ አስተማሪህ ልክ ነው፣ የ2 − 3አይ ኮንጁጌት 2 + 3አይ ብቻ ነው፣ ሁለት የለውም። "አቅልሉ" ብቻ ብሎ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ሙሉ እሰጥህ ነበር፣ ያውም ጠርቼ ለክፍሉ እንድታስረዳ አደርግህ ነበር። ወረቀቱን ይዘህ በትህትና አስረዳው፣ "ተበደልኩ" ብለህ ሳይሆን "ለምን እንደሰራ ገባኝ" ብለህ ግባ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎ። ልጄ አልጀብራ 2 እየወሰደች ነው፣ ቤታችን በሒሳብ የተነሳ ሰላም የለም። የቤት ሥራዋ (4 + 6አይ) / 2አይ ነው። አባቷ ድሮ አገር ቤት ሲማር "ላይና ታች በአይ ታባዣለሽ" ተብሎ ነው የተማረው፣ እሷ ደሞ የኛ ቲቸር በኮንጁጌት ነው ያለችን ብላ ሙጭጭ። እኔ መሀል ላይ ቁጭ ብዬ እራት እየቀዘቀዘብኝ ነው። ማነው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እራቱን ያቅርቡ።

የአባቷ መንገድ፦ ላይ (4 + 6አይ) ሲባዛ በአይ 4አይ + 6አይ² ነው፣ ማለትም −6 + 4አይ። ታች 2አይ ሲባዛ በአይ −2። ስናካፍል 3 − 2አይ።

የልጅዎ መንገድ፦ የ2አይ ኮንጁጌት −2አይ ነው፣ ፊት ለፊት ምንም ቁጥር ስለሌላት ዜሮ ሲደመር 2አይ እንደማለት ነው፣ ምልክቷ ሲገለበጥ −2አይ። ላይ −8አይ − 12አይ² = 12 − 8አይ። ታች −4አይ² = 4። ስናካፍል 3 − 2አይ። ያው።

የአባቷ ትንሽ ያጥራል፣ ታች ብቻዋን የተቀመጠች አይ ስትሆን በሱ ነው እኔም የምሰራው። የልጅዎ መንገድ ግን ታች ምንም ቢቀመጥ ይሰራል፣ ነገ 2 + 5አይ ሲመጣ የአባቷ በአይ ማባዛት አያወጣትም። አባትየው ይሄን ይመንላት። ለሁለቱም ግን ማረጋገጫው አንድ ነው፣ 3 − 2አይ በ2አይ ሲባዛ 6አይ − 4አይ² = 4 + 6አይ፣ ጥያቄው ተመልሶ መጣ፣ ክርክሩ አለቀ።

አንዲት ነገር ልጨምር፣ ልጆች 1/አይ ሲያዩ ይፈራሉ፣ መልሱ −አይ ነው፣ ይቺን በቃሏ ትያዛት። ለምን ብትል አይ ሲባዛ በ −አይ፣ −አይ² ነው፣ ያ ደሞ 1። አይ ስትገለበጥ ማይነስ ትሆናለች፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ፍሬሽማን ነኝ። √18 / √−2 የሚል ነበር። እኔ በአንድ ሩት ውስጥ ከትቼ √(18/−2) = √−9 = 3አይ አልኩ። መልሱ −3አይ ነው ተባልኩ። ማይነሷ ከየት መጣች? ካልኩሌተሬም −3አይ ነው ያለኝ፣ እኔ ነኝ ወይስ ማሽኑ ያበደው?

መልስ፦ ማሽኑ ጤነኛ ነው። አንተም አላበድክም፣ 9ኛ ክፍል ላይ የተማርከውን ህግ ከአገሩ አውጥተህ ተጠቀምክበት እንጂ። "√ሀ / √ለ = √(ሀ/ለ)" የሚለው ህግ ሀ ዜሮ ወይም ፖዘቲቭ፣ ለ ደሞ ፖዘቲቭ ሲሆኑ ነው የተፈቀደው፣ መጽሐፉ ላይ በትንሽ ጽሑፍ ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም። ሩት ውስጥ ኔጌቲቭ ካየህ ከምንም ነገር በፊት አይዋን አውጣ። √−2 ማለት √2 ሲባዛ በአይ ነው። √18 ደሞ 3√2። ስለዚህ 3√2 ለ√2አይ፣ √2 ከ√2 ጋር ተጣፋ፣ 3/አይ ቀረ፣ አሁን ለእህቴ እንዳልኩት 1/አይ −አይ ስለሆነ −3አይ። ማይነሷ የመጣችው አይ ታች ስለነበረች ነው፣ አንተ ሩት ውስጥ ስትከታት ላይ ትሁን ታች ጠፋብህ።

ላይ ብትሆን ኖሮ፣ √−18 / √2 ቢሆን፣ ያንተ መንገድም 3አይ ይላል የኔም 3አይ ይላል። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑም 3 ላይ እንገናኛለን። የሚያጣላን አንዱ ብቻ ነው፣ ታቹ ኔጌቲቭ ሆኖ ላዩ ፖዘቲቭ ሲሆን። ለዚህ ነው ይቺ ስህተት የምትከፋው፣ አንዳንዴ ትሰራለች፣ ሰርታ ታሳምንሃለች፣ ከዛ ፈተና ቀን ትከዳሃለች። ማባዛት ላይም ያው ጣጣ አለባት፣ √−4 ሲባዛ √−9 ስንት ነው ብልህ "√36፣ 6" እንዳትለኝ፣ 2አይ ሲባዛ 3አይ ነው፣ −6።

ጥያቄ፦ ቆይ ግን ስሙ ራሱ "ኢማጂናሪ" ነው፣ የምናብ ማለት ነው። የሌለን ቁጥር ለምን እናቃልላለን? እኔ ኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ፣ ላብ ላይ 220 ቮልት ለ(30 + 40ጄ) ኦም አካፍለን 2.64 − 3.52ጄ አምፔር አገኘን። −3.52 የምናብ አምፔር ምንድነው? ሽቦው ውስጥ ስንት ነው እየሄደ ያለው? ደሞ ለምን አይ ትቶ ጄ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ጄ የሆነው የናንተ ሰፈር ሰዎች አይን ለከረንት ስለሰጧት ነው፣ ሁለት አይ አንድ ወረቀት ላይ እንዳይጋጩ። ሌላ ልዩነት የላቸውም፣ ጄ² = −1።

ስሙን ያወጣው ዴካርት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1637፣ ያወጣውም ቁጥሮቹን ወዶ አይደለም። ከሱ በፊት በ1545 ካርዳኖ የሚባል ጣልያናዊ ሐኪም 10ን ለሁለት ክፈሉና ብዜታቸው 40 ይሁን የሚል ጥያቄ አንስቶ 5 + √−15 እና 5 − √−15 ብሎ መለሰ። ደምራቸው፣ 10 ነው። አባዛቸው፣ 25 ሲደመር 15፣ 40። አየሃት? መጀመሪያ የመጡት ራሱ ጥንድ ሆነው ነው፣ ኮንጁጌት ከነመንትያዋ። እሱ ራሱ ነገሩ ጥቅም የለውም ብሎ ነው ያለፈው። በ1572 ቦምቤሊ የሚባል የአገሩ ሰው እንዴት እንደሚደመሩና እንደሚባዙ ሥርዓት አወጣላቸው፣ አይ የምትለዋን ፊደል ደሞ ኦይለር ነው በ1777 የተጠቀመባት። የናንተ ሙያ ውስጥ ያስገባት ስታይንሜትዝ ነው፣ በ1893 ቺካጎ ላይ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ጉባኤ ላይ የኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለስ ከረንት) ሰርኪዩት በነዚህ ቁጥሮች ሲሰላ እንዴት እንደሚቀል አሳየ። ከዛ ወዲህ የምናብ የሚለው ስም ብቻ ነው የቀረው።

አሁን ሽቦህ ውስጥ እንግባ። ስሌታችሁ ልክ ነው፣ ላይና ታች በ30 − 40ጄ ይባዛል፣ ታች 900 ሲደመር 1600፣ 2500። ላይ 6600 − 8800ጄ። 2.64 − 3.52ጄ። አሚሜትሩን ሽቦው ላይ ብትገጥመው ግን 2.64ም አያሳይህም 3.52ም አያሳይህም፣ 4.4 ነው የሚያሳይህ። 2.64 ካሬ ሲደመር 3.52 ካሬ 19.36 ነው፣ ሩቱ 4.4። እየሄደ ያለው 4.4 አምፔር ነው።

ታዲያ ሁለቱ ቁጥሮች ምን ይነግሩሃል? የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አንድ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። 2.64ቱ ከቮልቴጁ ጋር እኩል የሚወጣ እኩል የሚወርድ ነው፣ ሥራ የሚሰራው እሱ ነው፣ 220 ሲባዛ 2.64፣ 580.8 ዋት። 3.52ቱ ደሞ ከቮልቴጁ ሩብ ዙር፣ 5 ሚሊ ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል፣ ማይነሷ የምትለው ይሄንን ነው፣ ከጀርባ ነው የሚከተለው። እሱ መሳሪያው ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ውስጥ ገብቶ ማግኔት ይገነባል፣ ከዛ መልሶ ያፈርሰዋል፣ የወሰደውን ይመልሳል፣ ይመላለሳል እንጂ ሥራ አይሰራም። ግን ሽቦው ውስጥ አለ! ሽቦህን ያሞቃል፣ ብሬከርህም ይቆጥረዋል። የምናብ ነው ብለህ ለ2.64 የሚበቃ ቀጭን ሽቦ ብትዘረጋ ሽቦው ራሱ ያስረዳሃል።

ይሄን ተመላላሽ ለመግደል ምን ታደርጋለህ? ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ መልሶ የሚለቅ ዕቃ) በፓራለል ታስገባለህ፣ +3.52ጄ የሚስብ። ኢምፔዳንሱ (ለኤሲ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) 220 ለ3.52ጄ፣ 62.5 ለጄ ነው፣ አይ ስትገለበጥ ማይነስ ትሆናለች ብለናል፣ −62.5ጄ ኦም። የካፓሲተር ኢምፔዳንስ ለምን ማይነስ እንዳለው ክፍል ውስጥ ሳይነገርህ ቀርቶ ከሆነ ይቺው ናት። በ50 ኸርዝ ወደ 51 ማይክሮ ፋራድ አካባቢ ይመጣልሃል። እሱን ስትገጥም ከመስመሩ የሚመጣው ከ4.4 ወደ 2.64 አምፔር ይወርዳል፣ መሳሪያው ያንኑ 580.8 ዋት እየሰራ። ፋብሪካዎች ፓወር ፋክተር (ከሚመጣው ከረንት ሥራ የሚሰራው ድርሻ) እናስተካክል ብለው ሳጥን ሙሉ ካፓሲተር የሚደረድሩት ለዚህ ነው። ላባችሁ ውስጥ ካለ ገጥማችሁ አሚሜትሩ ሲወርድ እዩት፣ በወረቀት ከማምነው በላይ እኔ ራሴ ያመንኩት እሱን ያየሁ ቀን ነው። (መብራቱን አጥፍታችሁ ግጠሙ፣ ካፓሲተሩንም ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ሳታስወጡ እንዳትነኩት፣ የያዘውን ቶሎ አይለቅም።)

ጥያቄ፦ ጋሼ አጭር ጥያቄ ናት። [(1 + አይ) / (1 − አይ)] ኃይል 2018 ስንት ነው? ወንድሜ 2018 ጊዜ አባዛ እያለ ይስቅብኛል።

መልስ፦ ወንድምህ ይሳቅ፣ መጀመሪያ ቅንፉ ውስጥ ያለውን አቅልል። ላይና ታች በ1 + አይ ሲባዛ ታች 1 + 1 = 2፣ ላይ 1 + 2አይ + አይ² = 2አይ፣ 1 እና −1 ተጣፍተው። 2አይ ለ2፣ አይ። ያ ሁሉ ግርግር አይ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አይ ኃይል 2018 ስንት ነው ሆነ።

አይ በየ4ቱ ትዞራለች፣ አይ፣ −1፣ −አይ፣ 1፣ ከዛ እንደገና አይ። በየ4ቱ የሚዞር ነገር ደሞ ለኛ ማስተማር አያስፈልግም፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያልን ነው ያደግነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ያካፍላል፣ 1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ሲያልቅ ዮሐንስ። 5500 ራሱ ለ4 እኩል ስለሚካፈል ብትተወውም ዘመኑን አትስትም። አይንም እንዲሁ ቁጠራት፣ ማቴዎስ ላይ አይ፣ ማርቆስ ላይ −1፣ ሉቃስ ላይ −አይ፣ ዮሐንስ ላይ 1። 2018 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ ነው፣ መልሱ −1። ወንድምህ በነገር ገልብጦ 1 ለአይ ኃይል 2019 ቢልህ ደሞ 2019 ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት፣ ታች −አይ ትቀመጣለች፣ 1 ለ −አይ፣ ላይና ታች በአይ አባዛና አይ ብለህ መልስለት፣ እምቢ ያልከው መስሎት ትንሽ ይናደድ።